ሰው የማይፈራው ልጅና ምልክት የሌለው በር

ከሰው ጋር መቆራኘት የተሳናቸው ልጆች ለጊዜው የሚያድጉበት ቤት ነው፤ ስሙን አልጽፍም። እነሱም በራቸው ላይ አልጻፉትም። ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ ፒያሳ ውስጥ ከተረፉት የድሮ ቤቶች አንዱ ነው። የእንጨት በረንዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አረንጓዴ የብረት በር አለው። ምልክት ያልሰቀሉት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ «የዚያ ቤት ልጆች» እንዳይባሉ ብለው ነው። የምር የቸገረው ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ እነግረዋለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ልጆች ሥነ ልቦና የማውቀው እዚያ ቤት 14 ወር ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ተቀምጬ የሰማሁትን ያህል ነው። ግን ቀሚስ ልታስለካ የመጣች ሴት ክንዷን ዘርግታ ቆማ ሳለ ምን እንደምታወራ ታውቃላችሁ? የልጇን ነገር ነው። አንዳንዷ የምትነግረኝ ያው የእኔ ታሪክ ነው። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ልጁን አቡሽ እንበለው። የታናሽ እህቴ ልጅ ነው። 11 ወር ሲሆነው እናቱ ለሥራ ቤይሩት ሄደች። ከዚያ ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መጀመሪያ ደብረ ብርሃን፣ አያቱ ጋ። እማማ ስትታመም ኮተቤ በወር የሚከፈላት ሴት ጋ። ክፍያው ሲዘገይ የአጎቱ ሚስት ጋ። እሷ ስትወልድ ዶሮ ማነቂያ፣ ጎረቤቴ ጋ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ጎረቤቴ ወደ ከተማው ዳር ሄደች፣ አቡሽ ደግሞ እኔ ጋ መጣ። ቁጠሩት፤ አምስተኛ ነኝ። ያኔ ዕድሜው አምስት ዓመት ተኩል ነው።

አቤት ሲወደድ! ሰው አይፈራም። ታክሲ ውስጥ የማያውቀው ሰው ጭን ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። ወያላውን «አጎቴ» ይለዋል። ቡና የጠራኋት ሴት ልትሄድ ስትነሣ ጫማውን አጥልቆ ይከተላታል። «እንዴት ያለ ተጫዋች ልጅ ነው!» ይሉኛል። እኔም እኮራ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ማታ ግን ሌላ ልጅ ነው። ሳቅፈው እንደ እንጨት ይደርቃል። ወድቆ ጉልበቱ ሲደማ አያለቅስም፣ ወደ እኔም አይመጣም፤ ደሙን በሹራቡ ጠርጎ ይቀጥላል። አንድ ቀን ክር ልፈልግ የሲንጀሬን መሳቢያ ብከፍት 11 ቁራሽ ዳቦ። ሻግቶ አረንጓዴ ሆኗል። ቤቴ ውስጥ ዳቦ ጠፍቶ አያውቅም። ተናደድኩ፣ ቆነጠጥኩት። ቆንጥጬው እንኳ ዓይን ዓይኔን እያየ ሳቀ።

ግንቦት ላይ እናቱ ለሁለት ወር መጣች። አበባ አስይዤ ቦሌ ወሰድኩት። ልክ ስትወጣ አበባውን ሻንጣዋን ለሚገፋላት ጎረምሳ ሰጠው፣ እሱኑ አቀፈው። እህቴ ተንበርክካ፣ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። በኋላ ለሷም ሳቀላት። ለዳቦ ሻጩ እንደሚስቀው። ቢያኮርፋት፣ ቢሸሻት ይሻላት ነበር። ዕዳ ስላለባት በሐምሌ ተመልሳ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የት ያልሄድኩበት አለ? አንድ የግል ክሊኒክ 1,200 ብር ተቀብሎ በሩብ ሰዓት «ቀብጦ ነው» አለኝ። ማን እንዳቀበጠው አብሮ ቢነግረኝ ጥሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ «ሌላ ቦታ ብትፈልጉለት» አለ። አንድ ዘመድ ለፈረንጅ በጉዲፈቻ ስጪው ይለኛል። ልጅን ወደ ውጭ አገር በጉዲፈቻ መስጠት በ2010 ዓ.ም. በሕግ መከልከሉን አልሰማም። እማማ ደግሞ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ይዛው ወጣች። በዚያ ብርድ ሲጠመቅ ድምፁ አልተሰማም። ሲወርድ ከማያውቃት እናት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የመጣው።

ቤቱን የጠቆመችኝ አንዲት የወረዳ ሶሻል ወርከር ናት። መጀመሪያ አልወደድኩትም። በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው «ማሳደጊያ» ሲባል ፊቱ የሚመጣው የክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ቤት ነው። በወሎ ረሃብ ጊዜ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው፣ የሞተች እናቷ አጠገብ የነበረች ሕፃን ይዘው የተመለሱት እናት ናቸው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ እማማ ዘመድ እንደሞተባት አለቀሰች። ያ ቤት ወላጅ ለሌለው ነው። አቡሽ ግን እናት አለው፣ አያት አለው፣ እኔ አለሁ። «ቤት ሙሉ ዘመድ እያለው ማሳደጊያ ጣለችው» መባሉን ፈራሁ። ተብሏልም።

እዚህ ቤት ስምንት ልጆች ብቻ ናቸው። ሁሉም ዘመድ አላቸው። ችግራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ሰው ላይ መጣበቅ ተስኗቸዋል። ባለሙያው «የቁርኝት ችግር» ይለዋል። አንዳንዱ ልጅ ሰው ሁሉ ጠላቱ ነው፣ ማንም እንዲያባብለው አይፈልግም። አንዳንዱ እንደኛው ሰው ሁሉ ዘመዱ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ደስ ስለሚል ማንም እንደ ችግር አያየውም፤ እኔ ራሴ ሁለት ነገር መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ነው። ቆይታው ቢበዛ 18 ወር ነው። እኔ በወር የምከፍለው 6,000 ብር ነበር፤ የማይችል የሚችለውን ይከፍላል። ከወረዳ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ደብዳቤው ሦስት ሳምንት፣ ወረፋው ከዚያ በላይ ፈጀብኝ። በ2017 ዓ.ም.፣ መስቀል እንዳለፈ ገባ።

የሥነ ልቦና ባለሙያውን ሁላችንም «ዶክተር» ነው የምንለው። «ዶክተር አይደለሁም» ይላል፤ ማን ሰምቶት። የመጀመሪያ ቀን «እትዬ፣ እኛ ልጁን ተቀብለን እርስዎን አናሰናብትም፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ይመጣሉ» አለኝ። ሐሙስ ከሰዓት ለልብስ ሰፊ ምን ማለት እንደሆነ አላወቀም። የቅዳሜና የእሑድ ሠርግ ልብስ የሚያልቀው ሐሙስ ነው። ስንት ደንበኛ እንዳጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው። እስከ መጨረሻው ቅር ያለኝ ይኼ ነው፤ አንዴ እንኳ ቀን ቀይሩልኝ ብዬ ለምኜ እምቢ ብለውኛል። «ልጁ ሐሙስ እንደምትመጪ ያውቃል» አሉኝ። በቃ።

እናቱን የሚያሸት ልብስ አምጪ አሉኝ። እህቴ የተወችው ነጠላ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ አላልኳችሁም? አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ ወሰድኩት። የኦሞ ሽታ ብቻ። እዚያ ያለችው ትልቋ ሴት፣ ልጆቹ «እትዬ» የሚሏት፣ አሸተተችውና ለጊዜው ምንም አላለችኝም። ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ያልታጠበ የለም?» አለችኝ። ደግነቱ እማማ ጋ እህቴ የምታስረው አንድ ሻሽ ተገኘ። ቅቤው እንዳለ ነው። ከትራሱ ልብስ ውስጥ ከተቱለት።

ወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ አቡጀዲ ተሰቅሏል። አቡጀዲው ላይ የሠራተኞቹ ፎቶ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ከላይ ዛሬ ያሉት፣ ከመሃል ማታ የሚያድሩት፣ ከታች ነገ የሚመጡት። ልጆቹ ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ማታ አዳሪዋ አትተኛም፤ ደመወዟ ነቅታ ለማደር ነው። እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ «የራሱ ሰው» አለው። ጥፍሩን የምትቆርጠው፣ ትምህርት ቤት የምትጠራው፣ ሲያመው ሐኪም ቤት የምትወስደው አንዷ ናት። እንግዳ ሲገባ ልጅ አያቅፍም፣ ከረሜላ አይሰጥም። እኔን ያመጣኝን የላዳ ሹፌር እንኳ አቡሽ ሊጠመጠምበት ሲል «እንግዳን እጅ ነው የምንጨብጠው» ብለው መለሱት። ሹፌሩ ተቀየመ።

ስለ ዳቦው ነገርኳቸው። እኔ ቁልፍ ይገዛሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁ። እነሱ የብስኩት ቆርቆሮ ገዙ። ክዳኑ ላይ አቡሽ ራሱ አውራ ዶሮ ሳለበት፤ ዶሮ ነው ያለው እሱ ነው እንጂ እኔ ጀበና ነበር የመሰለኝ። ውስጡ ዳቦ ቆሎ ሞሉበትና ከአልጋው ራስጌ አስቀመጡት። «ያንተ ነው። ማንም አይነካውም። ባዶ አይሆንም።» ይኼው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሌሊቱን ጨርሶት ያድራል። አዳሪዋ ጎህ ሳይቀድ ትሞላዋለች። ሆዱ እስኪያመው በላ። እኔ ይህ ማቅበጥ ነው ብዬ ተከራከርኩ። ሁለተኛው ወር ላይ ግማሽ ይተርፍ ጀመር። ጥር ውስጥ አንድ ሐሙስ ቆርቆሮውን አቅፎ መጣ፣ ከፈተው፣ ከላይ ያለውን ሳይሆን ከሥር ፈልጎ አንዲት ያረረች ዳቦ ቆሎ አወጣና «እንቺ» አለኝ። ያረረ እንደምወድ መቼ እንዳየ እንጃ። አፌ ውስጥ አድርጌ ማኘክ አቃተኝ።

ቁንጥጫ የለም። በርበሬ ማጠን የለም። «ሂድ ክፍልህ ግባ» እንኳ የለም። ዓይኔ እያየ ሦስት ስኒ ከረከቦቱ ላይ ሆን ብሎ ጣለ። እትዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ና አጠገቤ፣ እጅህን እንዳይቆርጥህ እኔ ትልልቁን፣ አንተ መጥረጊያውን» አለችው። አብረው ለቀሙ። ቀጥሎ ስኒ ስለሌለ እንግዶቹ ቡናውን በብርጭቆ ጠጡ፤ አቡሽ እያዞረ አቀረበ። እኔ በቁንጥጫ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ እጄ በልቶኝ ነበር። ዶክተር ግን ይህ ልጅ ብቻውን መሆንን ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ ብቻህን ሁን ብለን ምን አዲስ ነገር እናስተምረዋለን አለኝ። መልስ አጣሁለት።

የቤተሰብ ስብሰባው ቡና እየተጠጣ ነው። ዶክተር ማውራት ይወዳል። ጆን ቦልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1951 እ.ኤ.አ. ለዓለም ጤና ድርጅት የጻፈውን ነገረን። ከጦርነቱ በኋላ ቤት አልባ የሆኑትን ልጆች አይቶ፣ ሕፃን ምግብና አልጋ አይበቃውም፣ የማይቀያየር ሰው ይፈልጋል አለ። እኔን የነካኝ ግን የሴትዮዋ ነው። ሜሪ ኤንስዎርዝ ትባላለች። በ1954 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ሄዳ፣ ካምፓላ አካባቢ ገጠር 26 ቤተሰብ ቤት እየተመላለሰች ሕፃናቱ ከእናታቸው ጋር እንዴት እንደሆኑ ተመለከተች። ይህ ሁሉ እውቀት ከፈረንጅ ቤት ብቻ የመጣ መስሎኝ ነበር። አንዷ እናት «ታዲያ ደብረ ብርሃን ብትመጣ ቅርብ ነበር» ብላ አሳቀችን።

የሩማንያውን ሲነግረን ግን አልሳቅንም። ቡካሬስት ውስጥ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 136 የማሳደጊያ ልጆችን አጥንተዋል፤ ግማሾቹን ለማደጎ ቤተሰብ ሰጥተው። ቤተሰብ ያገኙት ተሻላቸው፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። የኛ ስድስት ሊሞላው ነው። «አለፈበት ማለት ነው?» አልኩት። አላባበለኝም። «ቀደም ቢል ይሻል ነበር። ግን እዚያም ልጆቹን ያሻላቸው ቤተሰብ ነው፣ እኛ አይደለንም። እኛ ድልድይ ነን፤ ሐሙስ የምናስመጣዎትም ለዚህ ነው» አለኝ። የሐሙሱን ነገር ያን ቀን ግማሹን ይቅር አልኩት።

በግድ አቅፎ መያዝ አለ ወይ ብዬም ጠይቄያለሁ፣ አንድ ሰው ፍቱን ነው ብሎኝ ስለነበር። ዶክተር ፊቱ ተቀየረ። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ «ዳግም መወለድ» በሚሉት ሕክምና አንዲት የ10 ዓመት ልጅ በአንሶላ ጠቅልለው ሲጫኗት ታፍና ሞታለች። ልጅ በግድ የሚይዝ ቦታ ካያችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ጠበሉን ግን አልተቃወሙም። «ይሂድ፣ ብቻ እጁን ይዛችሁ ግቡ፣ ይዛችሁ ውጡ» ነው ያሉት።

ጥቅምት 2017 ሊባኖስ ውስጥ ጦርነቱ ሲበረታ የእህቴ ስልክ ጠፋ። በኢሞ እሑድ እሑድ ስምንት ሰዓት ነበር የምትደውለው፤ ሰዓቱን ያስያዟት እነሱ ናቸው። ሦስት እሑድ አልደወለችም። እኔ ብሆን «ነገ ትደውላለች፣ ስልኳ ተበላሽቶ ነው» እለው ነበር። እትዬ «እናትህ ያለችበት አገር ጦርነት አለ። የት እንዳለች አናውቅም። እንደሰማን እንነግርሃለን» አለችው። በስድስት ዓመት ልጅ! ልጣላት ምንም አልቀረኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ግን ስልኩ አጠገብ አብራው ተቀመጠች፣ ሦስቱንም እሑድ። በአራተኛው ተደወለ። አቡሽ ስልኩን ወርውሮ አለቀሰ። እኔ ሲያለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እህቴም ከወዲያ ታለቅሳለች። እትዬ ብቻ ደስ ብሏታል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ስልካቸው አይነሣም። ክረምት ላይ ቤቱ ይበርዳል፣ የቆርቆሮው ጩኸት ልጅ አያስተኛም። ይህ ሁሉ ያልፋል። ያላለፈልኝ ሌላ ነው።

የአቡሽ «የራሱ ሰው» አንዲት ወጣት ነበረች። ዐቢይ ጾም መሃል ላይ ሄደች። የት? ዓረብ አገር፣ ለሥራ። እሷ ለቤቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ተናግራለች። ቤቱ ለልጆቹ የነገረው በሄደች ማግሥት ነው። «እንዳይረበሹ» ብለው። ይህን ሁሉ የሚያስተምሩን ሰዎች! አቡሽ ወንበር ስቦ ፎቶዋን ከአቡጀዲው ነቀለ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተው፣ ክዳኑን ገጠመ። በዚያው ሳምንት ዳቦ ከፍራሹ ሥር ተገኘ። ለሐሙስ ስመጣ «ሰላም ነው አክስቴ» ብሎ ሳቀልኝ፤ ያ የድሮው ሳቅ።

ጮህኩባቸው። ጥፋታቸውን አመኑ፤ አሁን የሚለቅ ሠራተኛ ከወር በፊት ለልጆቹ ራሱ ይናገራል፣ የስንብት ቡና ይፈላል። ጥሩ። ግን ደመወዙን ጠይቄ ነበርና አፍሬ ዝም አልኩ፤ እኔ ጋ ጥልፍ የምትጠልፈው ከሷ የተሻለ ይከፈላታል። ሌሊት ነቅቶ የሰው ልጅ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ እየተከፈለው እንዴት ይቆያል? ለአዲስ ቀለምና ለኮምፒውተር ገንዘብ የሚሰጥ ለጋሽ አለ፤ ለደመወዝ ግን የለም አሉኝ። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ቤት ልታዩ ስትሄዱ አልጋውን፣ መጫወቻውን፣ የተለጠፈውን ሰርተፊኬት ተዉት። ማታ ማን ነው የሚያድረው? ከሠራተኞቹ ረጅም የቆየው ስንት ዓመቱ ነው? ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ለቀቀ? ይህን ጠይቁ። እትዬ ሰባት ዓመቷ ነው። እሷ ባትኖር ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር፣ ወይም ሌላ ዓይነት እጽፍ ነበር።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት አራት። አንዱን የቀነስኩት ለዚያች ፎቶ ነው።

አቡሽ በኅዳር ጠቅልሎ ቤት ገባ። ከዚያ በፊት ለአራት ወር ከዓርብ እስከ እሑድ እያደረ ተለማመድን። ቆርቆሮውን ይዞ ነው የመጣው፤ ሲንጀሬ ላይ አስቀምጦታል፣ እኔ እሞላዋለሁ። አሁንም ሌሊት ይባንናል። አሁንም ትምህርት ቤት ያጠፋል። እህቴ ለፋሲካ ትመጣለች፣ ቦሌ እንሂድ አንሂድ ገና አልወሰንም። አበባ ግን አላስይዘውም።

ባለፈው ቅዳሜ ያቺ ዶሮ ማነቂያ የነበረችው ጎረቤቴ ልትጠይቀን መጣች። በሩን ስከፍት አቡሽ ከኋላዬ ገብቶ ቀሚሴን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። «ና እንጂ የኔ ጌታ፣ ረሳኸኝ?» ብትለው ፊቱን ቀሚሴ ውስጥ ቀበረ። ቡናው እስኪፈላ እንደዚያው። ሴትዮዋ ከፋት።

«ምነው? እንዲያ ሰው የማይፈራው ልጅ!» አለችኝ። «ምን አድርገውት ነው እንዲህ ዓይን አፋር የሆነው?»